ተቀባይ ያለበት ቤት፦ ዲሲ ውስጥ ላይቭ ብሉዝና ሶል የት ልስማ?

“ዲሲ ውስጥ ጥሩ ላይቭ ብሉዝ የት ነው?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ሀበሻ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ይደውላል፣ እዚህ አገር አሥራ አምስት ዓመት ኖሯል፣ የከተማዋን መንገድ ያለ ጂፒኤስ ይነዳዋል፣ ግን ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ ሲያምረው የሚያውቀው የኛን ቤቶች ብቻ ነው። የኛን ቤቶች እወዳቸዋለሁ፣ እኔም እሄዳለሁ። ግን የጃዙ ዱክ ኤሊንግተን በ1899፣ የሶሉ ማርቪን ጌይ በ1939 የተወለዱባት ከተማ ውስጥ እየኖሩ ያንን ሙዚቃ አንድ ቀን እንኳ ከመድረክ ሳይሰሙ መክረም ያሳዝነኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ደግሞ ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ኤሊንግተን በ1973 ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጥቷል፣ ጃንሆይ ኒሻን ሸልመውታል፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ነበር። ከዚያ በፊትም አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ ሶሉንና ብሉዙን ወደኛ አገር ጆሮ ያስገባው ነበር። አለማየሁ እሸቴ ወጣት ሳለ እንዴት እንደሚዘፍን፣ ከኋላው ትራምፔቱና ሳክስፎኑ እንዴት እንደሚመልሱለት የሰማ ሰው፣ እዚህ አንድ የሶል ባንድ ፊት ሲቆም “ይሄንን የት ነው የማውቀው?” ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ የማውቃቸውን ቤቶች ላወዳድርላችሁ። ሁሉንም አልጠራም። ዳንስ ብቻ የሚፈልግ፣ ወይም የልደት ፓርቲ ቦታ የሚፈልግ ሰው ይሄ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅመውም። ቁጭ ብሎ መስማት ለሚፈልግ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ የለ። አንዱ ከጠረጴዛው ብድግ ብሎ “ተቀበል!” ይላል፣ ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይዞ ይቀበለዋል። ብሉዝ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል። ወርዋሪው ዘፋኙ ነው፣ ተቀባዩ ቤቱ ነው። የብሉዝ ግጥም ብዙ ጊዜ ሦስት ስንኝ አለው። አንዱን ይለዋል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ይመልስለታል። በየስንኙ መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዋል። እዚያች ቦታ ላይ ጊታሩ ይመልሳል፣ ወይ ሃርሞኒካው ይመልሳል፣ ወይ ደግሞ ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት “በል ንገራቸው!” ብለው ይመልሳሉ። ያቺ ባዶ ቦታ በብርጭቆ ኳኳታና በወሬ ከተሞላች ብሉዙ ሞተ። ባንዱ የቱንም ያህል ጎበዝ ይሁን፣ ሞተ።

ስለዚህ እኔ ቤት ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚያ ቤት የሚቀበል ሕዝብ አለ ወይ? የመብራቱ ማማር፣ የምግቡ ጥራት፣ የቤቱ ስም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሶል ትንሽ ይለያል። ሶል ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የወጣ ነው፣ ተቀባዩን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለት ሦስት ሴቶች ከኋላ ይቀበላሉ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ይቀበላሉ፣ ኦርጋኑ ከስር ያጅባል። ይሄ ሁሉ ሰው መድረክ ላይ መቆሚያ ይፈልጋል። ለዚህ ነው አንድ ሰው በአንድ ጊታር ሙሉ ብሉዝ በጠባብ ቤት ሊያሰማችሁ የሚችለው፣ ሙሉ የሶል ባንድ ግን ጠባብ ቤት ውስጥ ጆሮ የሚያደነቁረው። “ብሉዝና ሶል” እየተባለ አብሮ ስለሚጠራ አንዱ ቤት ለሁለቱም የሚሆን ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም።

እግረ መንገዴን፣ “ትዝታ የኛ ብሉዝ ነው” የሚባለውን በስሜቱ እቀበለዋለሁ። በአሠራሩ ግን ይለያያሉ። ትዝታ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ሆኖ እዚያው ይዞራል፤ አሥራ ሁለት ባር (የምት መስፈሪያ) የሚረዝመው ብሉዝ በሦስት ኮርዶች (አብረው በሚመቱ ድምፆች) እየሄደ ተመልሶ ቤቱ ይገባል። ይህችን ካወቃችሁ መጀመሪያ ላይ “ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ነው” ብላችሁ አትሰለቹም። መልሱን የምትጠብቁበት ቦታ ይገባችኋል።

ሰኞ ማታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ

አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን። ሳውዝዌስት ዲሲ ውስጥ ያለው ዌስትሚኒስተር ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመታት ሰኞ ማታ ብሉዝ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ጃዝ ሲያሰማ ኖሯል። የዓርቡ ጃዝ የተጀመረው በ1999 ነው። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ 3 ነው። መግቢያው ከሌሎቹ ቤቶች ሁሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ልጆች ይዞ መግባት ይቻላል፣ የተጠበሰ ዓሣም ይሸጣል።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ላደገ ሰው ዓለማዊ ዘፈን እዚያ ውስጥ መስማት ይከብዳል። ገብቶኛል። እኔም የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሜ ትንሽ አመንትቻለሁ። ማንም አይሰብካችሁም፣ ማንም ስማችሁን አይመዘግብም። የማይመቻችሁ ከሆነ ከታች ያሉት ቤቶች አሉላችሁ፣ ማንንም ለማስገደድ አይደለም። ግን ከማውቃቸው ቤቶች ሁሉ ተቀባይ ሞልቶ የሚገኘው እዚህ ነው። የሚመጡት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ የዋሽንግተን ጥቁሮች ናቸው። ይሄን ሙዚቃ በሬዲዮ ሳይሆን በጎረቤታቸው የሰሙ ሰዎች ናቸው። ለብሰው ይመጣሉ፣ ባርኔጣ አድርገው ይመጣሉ። ዘፋኙ ስንኙን ሲጥል መልሱ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው የአንዲት እናት እጅ ይይዙና ሃንድ ዳንስ የሚሉትን የዚህ ከተማ ዳንስ ይጀምራሉ፣ እግራቸው መሬቱን ሳይረግጥ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው፣ እኔ እሱን እያየሁ ዓሣዬ የቀዘቀዘበት ቀን አለ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረበት ጊዜ የወሰድኳት እዚህ ነው። ሰኞ የጾም ቀን አይደለምና ዓሣውንም በላች። አንዲት ዘፋኝ ድምፅዋን ከስር አንስታ ወደ ላይ ስታወጣው እናቴ ሳታስበው እልል አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። ዘፋኟ ሳቀችና በእጇ “ድገሚው” አለቻት። እናቴ ደገመችው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አልገባትም ነበር።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ባንዱ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ ሁሉም እኩል አይደለም። ለሙዚቃ የተሠራ አዳራሽ ስላልሆነ ድምፁ ጣሪያው ላይ ይበተናል። ስለዚህ ከፊት ወይም ከመሃል ተቀመጡ፣ ከኋላ ግጥሙ አይሰማም። መጠጥ ለሚፈልግ መጠጥ ቤት አይደለም። የግቢው እንደገና የመገንባት ዕቅድም የቆየ ስለሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ዝግጅቱ የት እንደሚካሄድ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሜትሮው ዋተርፍሮንት ላይ ነው የሚያወርዳችሁ።

ሚስተር ሄንሪስ ወይስ ብሉዝ አሌይ?

ሁለቱም ጠባብ ናቸው፣ ሁለቱም የቆዩ ናቸው፣ ሁለቱም በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ስም አላቸው። ግን ተመሳሳይ ምሽት አይሰጡም።

ሚስተር ሄንሪስ ካፒቶል ሂል፣ ፔንሲልቬንያ አቬኑ ሳውዝኢስት ላይ ያለ፣ በ1966 የተከፈተ ቤት ነው። ከታች ተራ ምግብ ቤት ነው፣ በርገር የሚበላበት። ሙዚቃው ፎቁ ላይ ነው። ሮበርታ ፍላክን ዓለም ከማወቁ በፊት የሰማት ይሄ ቤት ነው። በ15 ዓመቷ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ ቀን ዲሲ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የምታስተምር፣ ማታ እዚህ ፒያኖ ላይ የምትቀመጥ ሴት ነበረች። የቤቱ ባለቤት ሰው እየበዛ ሲሄድ ፎቁን ለሷ ብሎ አዘጋጀላት። ከፈረሰ ሆቴል የመጣ የኦክ እንጨት ግድግዳው ላይ አስለበጠ፣ ትልልቅ ወንበሮች አስገባ። ሌስ ማካን የሚባለው ፒያኒስት ሰምቷት ለሙዚቃ አሳታሚ አስተዋወቃት፣ የመጀመሪያ አልበሟ በ1969 ወጣ። በ2025 የካቲት ወር በ88 ዓመቷ አረፈች።

ይሄን ታሪክ የማወራው ቤቱን ለማስተዋወቅ አይደለም። ክፍሉ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚስማማው ስለሚናገር ነው። ሮበርታ አትጮህም ነበር። ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ከዚያ እሷ። ዛሬም እዚያ ፎቅ ላይ ልክ የሚመጣው ይሄ ዓይነት ነው፦ ሦስት አራት ሰው፣ ቀስ ያለ ሶል፣ አንዳንዴ ብሉዝ፣ አንዳንዴ ጃዝ። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ትሰሟታላችሁ። ተቀባዩ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ነው የሚቀበለው፣ ግን ይቀበላል፤ የሰው ፊት ላይ ታዩታላችሁ። ጓደኛዬን ተጣልቼው ለመታረቅ የወሰድኩት እዚህ ነው፣ ሙዚቃው መሃል መሃል ላይ ለማውራት የሚበቃ ዝምታ ስላለው። ሙሉ ባንድ፣ ትራምፔት፣ ዳንስ ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ቦታው ትንሽ ነው፣ ሳይዙ መሄድ ተመልሶ መምጣትን ያስከትላል። ኢስተርን ማርኬት ሜትሮ ቅርብ ነው።

ብሉዝ አሌይ ጆርጅታውን ውስጥ፣ ከዊስኮንሲን አቬኑ ወደ ውስጥ በምትገባ ቀጭን መንገድ ላይ ያለ የጡብ ቤት ነው። ድሮ የሠረገላ ማቆሚያ ነበር። በ1965 ተከፈተ። ስሙ ያሳስታል፣ እባካችሁ ልብ በሉ። ስሙ ብሉዝ ይላል እንጂ ቤቱ የጃዝ ቤት ነው። ዲዚ ጊለስፒ የተጫወተበት፣ ዊንተን ማርሳሊስ በ1986 ላይቭ አልበም የቀዳበት ቤት ነው። የሶልና የብሉዝ ዘፋኞች ይመጣሉ፣ ግን ካላንደሩን ሳያዩ “ስሙ ብሉዝ አይደል” ብሎ የሄደ ሰው ከሁለት ሰዓት የሳክስፎን ሶሎ ጋር ተፋጦ ሊያመሽ ይችላል። ጃዝ ለሚወድ ሰው በረከት ነው። ብሉዝ ፍለጋ ለወጣ ሰው ግን ሌላ ምሽት ነው።

የዚህ ቤት ትልቁ ነገር ዝምታው ነው። ኢቫ ካሲዲ በጥር 1996 እዚህ ያስቀዳችውን ስሙ። የዚሁ አካባቢ ልጅ ነበረች፣ ሜሪላንድ ያደገች፣ ሶሉንም ብሉዙንም ፎክሉንም በአንድ ድምፅ የምትዘፍን። ሁለት ምሽት ሊቀዳ ታስቦ የመጀመሪያው ቅጂ ተበላሸ፣ አልበሙ ከሁለተኛው ምሽት ነው የወጣው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በ33 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። ቀረጻው ላይ ቤቱ እንዴት ትንፋሹን ይዞ እንደሚሰማ ይታወቃል።

ወጪው ግን ከሚስተር ሄንሪስ ይከብዳል። ከቲኬቱ ሌላ በሰው ይህን ያህል ምግብ ወይም መጠጥ ማዘዝ አለባችሁ የሚል ደንብ አለ። ሁለት ሾው ባለበት ምሽት የመጀመሪያውን የገባ ሰው ሲያልቅ ወንበሩን ይለቃል፣ ማምሸት የለም። ጆርጅታውን ሜትሮ የለውም፣ ፎጊ ቦተም ወርዶ በእግር መሄድ ነው፣ ፓርኪንጉም ፈተና ነው። የኔ ምርጫ? ለሶል ሚስተር ሄንሪስ። ብሉዝ አሌይን የምመርጠው ማን እንደሚዘፍን ካወቅኩና ያንን ሰው በአምስት ሜትር ርቀት ማየት ከፈለግኩ ብቻ ነው።

ማዳምስ ኦርጋን

አዳምስ ሞርጋንን የማያውቅ ሀበሻ የለም። ዲሲ ውስጥ ቀድመን የሰፈርንበት ሰፈር ነው፣ 18ኛው መንገድ ላይ የኛ ምግብ ቤቶች ተደርድረው የነበሩበት። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቀይ ፀጉር ያላት ሴት የተሳለችበት ቤት ማዳምስ ኦርጋን ነው። ስሙ የሰፈሩን ስም አጣምሞ የወጣ ነው። ውስጡ ጠባብ፣ ጨለም ያለ፣ ግድግዳው ላይ የታሸጉ የእንስሳት ጭንቅላቶች ያሉበት፣ ላብ ላብ የሚል ቤት ነው።

ቦቢ ፓርከር የሚባል ጊታሪስት ለረጅም ዘመን እዚህ በየሳምንቱ ይጫወት ነበር። በ1961 የቀዳው አንድ ዘፈን የጊታር መግቢያው ለቢትልሶች መነሻ ሆኗቸዋል፣ እነሱ ዓለምን ሲዞሩ እሱ ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ ይጫወት ነበር። በ2013 ሞተ። እንዲህ ያለ ሰው ሰፈራችን ውስጥ እየተጫወተ ስንቶቻችን በበሩ አልፈን ክትፎ ልንበላ ሄደናል። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁንስ? ቀኑን ምረጡ። ዓርብና ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ወጣቱ ጥግ እስከ ጥግ ይሞላዋል፣ ሰው የሚመጣው ለመጠጥ ነው፣ ተቀባይ የለም፣ ጩኸት ብቻ። ባንዱም ያንን ስለሚያውቅ ድምፁን ይጨምራል፣ ፈንክና አርኤንቢ ያበዛል፣ ጆሮ መድፈኛ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ በማግስቱ ጆሯችሁ ይጮሃል። በሳምንቱ መሃል ግን ሌላ ቤት ነው። ሰው ይቀንሳል፣ ጊታሪስቱ ዓይናችሁን ያየዋል፣ ዘፈን ብትጠይቁት ሊጫወትላችሁ ይችላል። አዝማሪ ቤት ለናፈቀው ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ይሄኛው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው። ልጅ ይዞ፣ ወላጅ ይዞ አይኬድም። ሜትሮው ውድሊ ፓርክ ነው፣ ከዚያ ድልድዩን በእግር ማቋረጥ አለ።

ትልልቆቹ፦ ሀሚልተን፣ በርችሚር፣ ሀዋርድ

ከሌላ ከተማ የሚመጣ፣ ስም ያለው የብሉዝ ወይም የሶል ሰው ለመስማት ከነዚህ አንዱ ላይ ነው የምትወድቁት። እዚህ የምትመርጡት ቤቱን ሳይሆን ሰውዬውን ነው፣ ስለዚህ ብዙ አላወራም። አንዳንድ ነገር ግን ማወቅ ይጠቅማል።

ሀሚልተን ዳውንታውን 14ኛውና ኤፍ መንገድ ጥግ ላይ ነው፣ በ2011 መጨረሻ የተከፈተ፣ ሙዚቃው ከምግብ ቤቱ ስር ምድር ቤት ውስጥ የሚሰማ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ወንበሮቹ ደረጃ በደረጃ ስለሆኑ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት አይጋርዳችሁም። ሙሉ የሶል ባንድ ከነትራምፔቱ፣ ከነኦርጋኑ፣ ከነአጃቢ ዘፋኞቹ ለመስማት እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ሜትሮ ሴንተር እዚያው ነው። ጉድለቱ አስተናጋጆቹ በሾው መሃል ሳህን ይዘው መመላለሳቸው ነው፣ ቀስ ያለ ዘፈን ላይ ያናድዳል። መተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር አትያዙ።

በርችሚር አሌክሳንድሪያ ነው፣ ለቨርጂኒያ ሀበሻ ጓሮው ማለት ነው። አምስት መቶ ያህል ሰው ይይዛል። የራሱ ነፃ ፓርኪንግ አለው፣ ይሄ ብቻውን ለብዙ ሰው ውሳኔውን ይጨርሰዋል። ቤቱ ሾው ላይ ወሬ አይፈቅድም፣ በግልጽ “ዝም በሉ” ይላል፣ ሰዉም ያከብራል። ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። ይሄ ዝምታ ለጊታር ብቻውን ለሚመጣ ሰው፣ ታሪክ እየተረከ ለሚዘፍን ሰው ወርቅ ነው፤ ለሶል ግን ይቀዘቅዛል። ዘፋኙ “እጃችሁን አሳዩኝ” እያለ ሰዉ ናፕኪኑን እያጣጠፈ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ብሉዝ ከሆነ በርችሚር፣ ሶል ከሆነ ሀሚልተን። አንዱ ሰው ሁለቱም ጋ ከመጣ እንዲህ ነው የምወስነው። ወንበር ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጠው፣ በር ከመከፈቱ በፊት የተራ ቁጥር ያዙ፣ እራታችሁን እዚያው ብሉ።

ሀዋርድ ቴአትርን ስጠራው ልቤ ሁለት ይሆናል። በ1910 የተከፈተ፣ ጥቁሮች በራሳቸው ከተማ የራሳቸውን ሙዚቃ የሚሰሙበት ቤት ነበር። ኤሊንግተን፣ ኤላ ፊትዝጀራልድ፣ ማርቪን ጌይ፣ ሱፕሪምስ፣ ሁሉም ረግጠውታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ከተነሳው የ1968ቱ ረብሻ በኋላ ሰፈሩ ተጎዳ፣ ቴአትሩም ተዘጋ፣ ለብዙ ዘመን ቆርቆሮ ተመቶበት ቆየና ታድሶ በ2012 እንደገና ተከፈተ። የኛ ሰፈር፣ 9ኛውና ዩ መንገድ ላይ ያለው ሊትል ኢትዮጵያ፣ ከሱ ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። እዚያ ቡና ጠጥታችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ግን ዛሬ ፕሮግራሙ ሁሉንም ዓይነት ነው፦ ሂፕ ሆፕ፣ ኮሜዲ፣ ጎ-ጎ (የዲሲ የራሷ የዳንስ ሙዚቃ)፣ ፓርቲ። ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው የሚሰማው። የሶል ምሽት ሲኖር አያምልጣችሁ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሰዉ ሙዚቃውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይቀበላል፣ ከመድረኩ ቀድሞ ይዘፍናል። ሌላ ጊዜ ግን ለታሪኩ ብላችሁ ቲኬት አትግዙ፣ ታሪኩን ከውጭም ቆማችሁ ታዩታላችሁ።

ለመስማት ብቻ ሳይሆን ለመሞከር

ይሄኛው ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ልዝለለው አልችልም። አርቺ ኤድዋርድስ የሚባል ሰው ነበር፣ ፀጉር አስተካካይ። በ1959 ኖርዝኢስት ዲሲ ውስጥ ሱቁን ከፈተ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኛ ሲቀንስ ጊታር ያነሳ ነበር። የድሮው የብሉዝ ጊታሪስት ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1963 ከገጠር ተፈልጎ ተገኝቶ ዋሽንግተን ሲመጣ እዚያ ሱቅ እየሄደ ከአርቺ ጋር ይጫወት ነበር። አርቺ በ1998 ሞተ። ወዳጆቹ ግን የቅዳሜውን ልማድ በስሙ ባቋቋሙት ማኅበር ይዘው ቀጠሉ፣ ቦታው ወደ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተዛወረ።

የሚጫወቱት ፒድሞንት ብሉዝ ይባላል። የቨርጂኒያና የካሮላይና ብሉዝ ነው፣ ከሚሲሲፒውና ከቺካጎው ይለያል። አውራ ጣት ከታች ቤዙን ይመታል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ይለቅማሉ። ጆን ሴፋስና ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ፊል ዊጊንስ ከዚሁ ከተማ ተነስተው ዓለምን የዞሩት በዚህ አጨዋወት ነው። ክራር የደረደረ ሰው እጁን ሲያይ ይገባዋል። መድረክ የለም፣ ክብ ሠርቶ መቀመጥ ነው፣ ጊታር ያለው ይዞ ይመጣል፣ የሌለው ይሰማል። ልጃችሁ ጊታር እየተማረ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ውሰዱት። አንድ ጊዜ አንድ የሀበሻ ልጅ ክራር ይዞ መጥቶ ሰዎቹ ቦታ ሲለቁለት አይቻለሁ። ሁለት ዘፈን ተጫወተ፣ አንደኛው ሽማግሌ ቅኝቱን ሰምቶ ጊታሩን አስማማለት።

ስለ ገንዘብና ስለ ሰዓት

አንድ ቀን አንድ ቤት (ስሙ ይቅር) ሃያ አምስት ዶላር ከፍዬ ገብቼ ስወጣ ዘጠና ከፍያለሁ። የቲኬት መሸጫው ክፍያ፣ ግዴታ ትእዛዙ፣ የአስተናጋጁ ሃያ በመቶ፣ ፓርኪንጉ። ማንም አላታለለኝም፣ ቀድሜ አልጠየቅኩም። ስለዚህ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት “ግዴታ ትእዛዝ አለ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። መግቢያ የማያስከፍል ቤት ደግሞ ካገኛችሁ ሙዚቀኞቹ የሚኖሩት በጉርሻ ነው፣ መድረኩ አጠገብ ባልዲ ወይም ማሰሮ ይኖራል። እዚያ ውስጥ ጣሉ። ግንባር ላይ መለጠፍ የለም፣ እኛ አገር ክብር የሆነው እዚህ ሰውዬውን ያስደነግጠዋል። ጥሬ ብር ያዙ፣ ዘፈን ካስጠየቃችሁት ከአምስት ዶላር በታች አትስጡ። በእረፍት ሰዓት ሲዲ የሚሸጥ ከሆነ ግዙ፣ ያ ገንዘብ በቀጥታ እጁ ይገባል።

ሰዓት ደግሞ። ይሄ ከኛ ልማድ ጋር ይጋጫል። ቲኬቱ ላይ በፈረንጆች ሰዓት 8 ሰዓት ካለ 8 ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ መድረክ ላይ ናቸው። የኛ ኮንሰርት እኩለ ሌሊት ላይ እንደሚሞቀው አይደለም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ወንበር ተነስቷል። ማዳምስ ኦርጋን ብቻ ነው የሚያመሸው። በሳምንቱ መሃል ሜትሮው እኩለ ሌሊት ላይ ያቆማል፣ እሱንም አስቡት። ማታ ሺፍት ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የሚመቸው የሰኞው ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አልቆ ሥራ መግባት ይቻላል። ሁለት የታክሲ ሾፌር ጓደኞቼ እንደዚያ ያደርጋሉ። ሾፌር ስል ኃይሉ መርጊያ ትዝ አለኝ፦ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት፣ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዚህ የቀረ፣ ዘመኑን በዱለስ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን ከኋላ አውጥቶ የሚጫወት ሰው። በ1985 የቀዳው ሥራ በ2013 እንደገና ወጥቶ መድረክ ላይ መለሰው። ሲጫወት የመስማት ዕድል ካገኛችሁ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ትታችሁ ወደሱ ሂዱ።

ካልሆነ ግን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁና ብሉዝ በሕይወታችሁ ላይቭ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ሰኞን ያዙ። ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፣ መጀመሪያ ዓሣውን ውሰዱ (ቶሎ ያልቃል)፣ ከዚያ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ባርኔጣ ካደረጉት ሽማግሌዎች አጠገብ ተቀመጡ። እነሱ ሲመልሱ አብራችሁ መልሱ።